ታቤን እንዳትዘጋብኝ

ኮምፒውተሬ ተነሥቶ ብራውዘሩ እስኪከፈት ያለውን ጊዜ በደቂቃ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። የምቆጥረው በቡና ነው። እንጅባራ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከጎኔ ደግሞ ቡና የምታፈላ ጎረቤት አለች፤ በረንዳችን አንድ፣ ጭሳችን አንድ። ጠዋት እሷ ከሰሏን ስታያይዝ እኔ ማብሪያውን እጫናለሁ። ላፕቶፑ ከመርካቶ በሁለተኛ እጅ የመጣ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ ሲሽከረከር የሚያጉረመርም ሽማግሌ ነው። እንደገዛሁት ሰሞን ቡናው ሳይቆላ ተከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። ዓመት ሲሞላው አቦል ላይ መድረስ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ቶና ላይ። ባለፈው ክረምት ግን በረካው ተጠጥቶ፣ ስኒው ታጥቦ ረከቦቱ ላይ ተደፍቶ፣ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከሯን አላቆመችም።

«ዛሬም አልተነሣም?» ትለኛለች ጎረቤቴ፣ የታመመ ዘመድ የምትጠይቅ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷን ከጉምና ከዝናብ ጋር የምታሳልፍ ከተማ ናት። ስለዚህ ወደ ቤቴ ከሚገባው ሰው ግማሹ ለጉዳይ፣ ግማሹ ለመጠለል ነው የሚገባው። ለመጠለል የገባው ሥራ ስለሌለው ስክሪኔን ያያል፤ ስክሪኔ ስለማይንቀሳቀስ ደግሞ ምክር ይሰጣል።

«ኔትወርክ ሄዶ ነው» ይላል አንዱ፣ ዣንጥላውን እያራገፈ። በአገራችን ኔትወርክ የማይሸከመው ክስ የለም፤ ቀጠሮ የቀረም፣ ዕቁብ ያልጣለም፣ ለአማቱ ያልደወለም በእሱ ያሳብባል። ያን ሰሞን ግን ንጹሕ ነበር። በዚያው መስመር ስልኬ ላይ የሰው ሠርግ ከነእስክስታው ሳይንገጫገጭ ይታይ ነበር።

«ሪፍሬሽ አድርገው!» ይላል ሌላው። ይህ ምክር ሥር የሰደደ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፤ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ። እኔም ለዓመታት እንደ መቁጠሪያ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ትእዛዝ «ምስሎቹን እንደ አዲስ ሣላቸው» ከማለት አያልፍም፤ ከራሙ ላይ አንዲት ፍሬ አያነሣም። ደክሞት የተኛን ሰው ጋቢውን እየገለጡ መልሶ ማልበስ በሉት።

ሦስተኛው ዝናቡ አባርቶ ሊወጣ ሲል በር ላይ ዞር ብሎ ፍርዱን ይሰጣል፤ «ፎርማት ይደረግ።» ፎርማት የኮምፒውተር ዳማከሴ ነው። ራስ ምታትም ይሁን ምች፣ መቀጥቀጥና ማሸት ነው። ሲደረግ ደግሞ እውነትም ለሁለት ወር ይሻለዋል፤ ምክንያቱም እኛ ያሸከምነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ መልሰን እንጭነዋለን።

ይህን ሁሉ ችዬ በኖርኩ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው የመጣች ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ገባች። ፋይሉ ያለው ኢሜይሏ ላይ ነው። መምህሯ በአራት ሰዓት ይጠብቋታል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኢሜይሉን ነካሁት። ገጹ ነጭ ሆነ። ቆይቶ «ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ ከላይ ብቅ አለ። ልጅቱ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ ሰዓቷን፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር አስፋልቱን ተሻግራ ማዶ ካለው ጽሕፈት ቤት ገባች። ብዙም ሳትቆይ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ስትወጣ ከቡና ጎረቤቴ ጋር አብረን አየናት። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ጎረቤቴ ግን ሳልጠይቃት ሌላ ስኒ ቀዳችልኝ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

በማግሥቱ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ዳንግላ ወደሚገኝ ጠጋኝ ጓደኛዬ ሄድኩ።

ከእንጅባራ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ አዲስ ቅዳምን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። የዚያ ወረዳ፣ የፋግታ ለኮማ፣ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ማሳው ላይ እየተከለ ከሰል ማክሰል ከጀመረ ወዲህ በዚያ ያለፈ ሁሉ መንገዱ ዳር የተደረደረውን ጆንያ ያውቀዋል። ሚኒባሳችን አንድ አይሱዙ ኋላ ተይዞ ዳገቱን ይንፏቀቅ ጀመር። አይሱዙው ከሰል ተጭኖ፣ ከጭነቱ በላይ ሌላ ጭነት፣ ከዚያ በላይ የሚያዛጋ ረዳት፣ ከረዳቱ ጎን ሁለት የቀርከሃ ወንበር ተሸክሟል። «ይሄ ሞተር ሞቷል» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር፤ ድምፁን የሰማ ያውቀዋል። እኔም ጭኔ ላይ ያለውን ፎጣ አየት አደረግሁና በሆዴ ምን እንዳሰብኩ ለማንም አልነገርኩም።

ዳንግላ ጭነት የሚያውቁ ሰዎች የኖሩባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን ተቀምጦ የነበረው እዚያ ነው፤ ጣናንና ዓባይን እየዞረ የለካና ካርታ ያነሣ ሰው ነው። ጉዞው በበቅሎ ነበር። በቅሎ የሚያስጭን ሰው ደግሞ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱን ጓዝ «ያስፈልገኛል ወይስ አያስፈልገኝም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ በቅሎዋ ራሷ ዓባይ በረሃ ላይ ትጠይቀዋለች።

ጓደኛዬ ላፕቶፑን ከፎጣው አውጥቶ አበራው። እስኪከፈት ድረስ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ሟች አጎቱ ርስት ተጫወትን።

«ፎርማት እናድርገው?» አልኩት፣ ለመገላገል።

«ቆይ እንጂ! ሳይመረመር ይቀበራል እንዴ?»

ብራውዘሩን ከፍቶ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫነ። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው የማላውቀው ዝርዝር መጣ። ክሮምና ዘመዶቹ የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ እያንዳንዱ ታብና እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የምንጭነው ተጨማሪ መሣሪያ) ምን ያህል ራም እንደያዘ ስም በስም ይጽፋሉ። ለካ ሌባው ተደብቆ አያውቅም፤ የጠየቀው ሰው ነው የጠፋው።

«ስንት ታብ ነው የከፈትከው?»

«ጥቂት ነው።»

ቆጠርን። 43 ሆነ። ከብዛታቸው የተነሣ ጠብበው ጠብበው፣ ርዕሳቸው ጠፍቶ፣ የማበጠሪያ ጥርስ መስለዋል። ክሮምን በአማርኛ ያደረጉት ሰዎች ታብን «ትር» ብለው ተርጉመውታል። መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። 43ቱን ቆጥረን ስንጨርስ ግን የእኔው ልብ ነው ትር ትር ያለው።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ ያስረዳኝን በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። ድሮ ብራውዘር አንድ ትልቅ መሶብ ነበር፤ የተከፈተው ገጽ ሁሉ ከዚያው ይቆርሳል። አንዱ ክፉ ገጽ መሶቡን ከገለበጠው የሁሉም እራት ተደፋ፤ በአንድ ታብ የተከፈተ ዘፈን በሌላው የምትጽፈውን ማመልከቻ ይዞት ይሄዳል። ጎግል ክሮምን እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2008 ሲያወጣ (በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 2000፣ ሚሌኒየሙን ልንሸኝ ዘጠኝ ቀን ሲቀረን መሆኑ ነው) ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ስኮት ማክላውድ የሚባል ሠዓሊ ቀጥሮ ነገሩን በካርቱን አስረዳ፦ ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ታብ የየራሱ ክፍል፣ የየራሱ ትሪ። አንዱ ቢታመም እሱ ብቻ ይውደቅ፣ ሌላው ይብላ። ደግ አሳብ ነው። ግን 43 እንግዳ በአንድ መሶብ ማብላትና ለ43 እንግዳ 43 ትሪ ማቅረብ ለባለቤቲቱ አንድ አይደለም። በየትሪው እንጀራ ይነጠፋል፣ በየትሪው ወጥ ይጨለፋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ አንዱ ገጽ የሌላውን ምስጢር አጮልቆ ሊያይ የሚችልበት ቀዳዳ ነው። በዚያው ዓመት ክሮም ጥንቃቄውን አጠበቀ፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ከሌላ ድረ ገጽ የመጣ ቁራጭ ቢኖር ለእሱም የራሱን ክፍል ይሰጠው ጀመር። ጎግል ራሱ የዚህን ዋጋ ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ራም ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ ይህ መከበሪያ ነው፤ ለእንግዳ ሁሉ አልጋ አንጥፎ «አንሶላ አለቀ» ብሎ መጮኽ አያምርም።

ራም መሙላቱም ብቻውን በሽታ አይደለም። ባዶ ጎተራ ይዞ የሚኮራ ገበሬ ማን አየ? ጣጣው የሚመጣው ጎተራው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወስዶ ሃርድ ዲስክ ላይ አንዲት ጥግ ያኖረዋል፤ ሲያስፈልገው ከዚያ ያመጣል። ራም የጠየቁትን የሚያቀብልበት ጊዜ በናኖ ሰከንድ ይቆጠራል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ግን በሚሊ ሰከንድ። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሩ አይታያችሁም ይሆናል፤ ለእኔም አልታየኝም ነበር። ጨው ከማጀት ለማንሣት አንድ ደቂቃ ከፈጀ፣ መቶ ሺህ ደቂቃ ማለት ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ነው። አፋር ድረስ ወርዶ አሞሌ ጭኖ መመለስ ማለት ነው። ያቺ ተማሪ ኢሜይሏን ስትጠብቅ የእኔ ላፕቶፕ አፋር ነበር።

«ታቡን ተወው» አለ ጓደኛዬ፣ «ወደ እነዚህ ና።»

እነዚህ ያላቸው ኤክስቴንሽኖቹን ነው። 14 ነበሩ። የአማርኛው ክሮም «ቅጥያ» ይላቸዋል፤ ቃሉን የመረጠው ሰው ጨዋታ አዋቂ መሆን አለበት፣ የእኔዋ ቀሚስ ከጨርቁ ቅጥያው በዝቶባታል። ጓደኛዬ አንድ በአንድ እየጠራ፣ እኔ እንደ ተከሳሽ እየመለስኩ ቀጠልን።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አሜሪካ ሱቆች ውስጥ ቅናሽ ሲኖር የምትነግር ናት።»

«እንጅባራ ያመጡልሃል?»

«አያመጡም።»

«ይቺስ?»

«የእንግሊዝኛ ሰዋስው ታርማለች።»

«አንተ ቤት ምንድን ነው የሚጻፈው?»

«የአማርኛ ማመልከቻ።»

ዝም ብሎ አየኝ። ቀጠለ። ገጹን የምታጨልም አለች፤ የአክስቴ ልጅ ነው የጫናት፣ ለዓይን ደግ ናት ብሎ። የአየር ጠባይ የምትነግር አለች፤ መስኮቴ ክፍት ሆኖ ዝናቡ እየረጨኝ ፀሐይ ትሥላለች። ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ድመት አለች፤ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቪዲዮ አውራጆች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አንዱን ቪዲዮ ይሻሙበታል። ማስታወቂያ ከልካዮች ሁለት ናቸው፤ እንደ ሁለት ዘበኛ በር ላይ እርስ በርስ መታወቂያ ይጠያየቃሉ። የአማርኛ መጻፊያ አለች፤ እኔ ግን ድሮውንም የምጽፈው በፓወር ግዕዝ ነው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቶ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ሣቁ አመለጠው።

«ይቺ ደግሞ?»

«ራም የምታጸዳ ናት» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ከመዝገቡ ላይ ከሁሉም በላይ ራም የያዘችው እሷ ነበረች።

ኤክስቴንሽን ሁለት ቦታ ነው የሚበላው። አንደኛው ጓዳ ነው፤ ከኋላ የራሱን ክፍል ይዞ ይቀመጣል። ይህ ቀላሉ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ እንግዳ ፊት ነው። ስትጭነው «በምትጎበኛቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለህን መረጃ ላንብ፣ ልለውጥ» ብሎ ያስፈቅድሃል፤ አንተም እንደ ማንኛችንም ሳታነብ «እሺ» ትላለህ። ከዚያ በኋላ በተከፈተ ገጽ ሁሉ የራሱን ጽሑፍ ይዞ ይገባል። 43 ታብ ካለህ 43 ጊዜ ገብቶ ይቀመጣል። አንድ እንግዳ ጠርተህ በየትሪው አጎርሱኝ የሚል አዝማሪ አብሮት እንደ መጣ ነው፤ አዝማሪው እንኳ ይዘፍናል።

ይህ የእኛ የድሆቹ ሐሜት አይደለም። ፋየርፎክስን በሚሠራው ሞዚላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ራም የመቆጠብ ዘመቻ የጀመረው መሐንዲስ ኒኮላስ ኔዘርኮት፣ በ2014 በዘመኑ እጅግ ተወዳጅ የነበረውን አድብሎክ ፕላስን መዝኖት ነበር። ዝም ብሎ መጫኑ ብቻ ከ60 እስከ 70 ሜጋባይት ይጨምራል፤ ያ ግን ትንሹ ነው። በአንድ ገጽ ውስጥ ለተሰካ እያንዳንዱ ትንሽ ገጽ ደግሞ 4 ሜጋባይት ገደማ እየቆነጠረ፣ እንዲህ ያሉ ስኮች በብዙ መቶ በሞሉበት አንድ ገጽ ላይ አጠቃላዩ ወደ 2 ጊጋባይት ሲጠጋ አየ። የእኔ ላፕቶፕ ራም ግማሹ ማለት ነው፣ ለአንድ ገጽ። በቀጣዩ ዓመት ፋየርፎክስ ይህን የተደጋገመ ጭነት ገጾቹ እንዲጋሩት አድርጎ አቀለለው። ደግሞ ላለመሳሳት፦ ማስታወቂያ በሞላበት ገጽ ላይ ጥሩ ከልካይ ከበላው የበለጠ ያተርፋል፤ በራሱ ተነሥቶ የሚዘፍነውን የማስታወቂያ ቪዲዮ በር ላይ ይመልሰዋልና። የፓኬጅ ብር ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘበኛ መቅጠር አይከፋም፤ ሁለት ዘበኛ ለአንድ በር ነው የሚከፋው።

ራም አጽጂዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ የእሷ ዘር ታሪክ አለው። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የሚባል ኤክስቴንሽን ነበር። ሥራው የተረሱ ታቦችን ማስተኛትና ራም ማስለቀቅ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠቅሞበታል፣ ጥሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ባለቤቱ ለማይታወቅ ሰው ሸጠው። ሎሚ ሻጭ እንኳ ቦታውን ሲለቅ «ከእንግዲህ እገሌ ነው» ይላል፤ እዚህ ግን ከሁለት ሚሊዮኑ ሰው አብዛኛው ነገሩን አልሰማም ነበር። ስሙ ያው፣ ምስሉ ያው፣ ቁልፉም በእጁ ነው። በየካቲት 2021 ጎግል ጎጂ ነገር ይዟል ብሎ ከሱቁ አወጣው፤ ከሰዎች ብራውዘር ላይም አጠፋው። በእሱ የተኙት የብዙ ሰው ታቦች በዚያው ጠፉ። ቤት ሊጠርግ የገባ ሰው ቤቱን ይዞ ሲወጣ በሉት።

ጓደኛዬ 13ቱን አነሣ። አንድ ማስታወቂያ ከልካይ ብቻ ቀረ። ድመቷ ስትሄድ ትንሽ ሆዴ ባባ፤ አልዋሽም።

ከዚያ እጁን ወደ ታቦቹ ሲሰድ ያዝኩት።

«እነዚህን አትንካ። የሰው ናቸው።»

«የማን?»

እዚህ ጋ ለዳንግላው ሰው የእንጅባራን ሥራ ማስረዳት ነበረብኝ። የእኔ ቤት ደንበኛ ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ «ታቤን እንዳትዘጋብኝ» ብሎ ነው የሚወጣው። አንዷ ዲቪ የሞላች ልጅ ናት፤ ጥቅምት ላይ ነው የሞላነው፣ ውጤቱ ወራት ይቆያል፤ እስከዚያ ታቧ ከተዘጋ ዕድሏ የሚዘጋ ይመስላታል። እንደማይዘጋ ነግሬያታለሁ። «እሺ፣ ግን አትዝጋው» አለችኝ። አንደኛው የልጁን የፈተና ውጤት አይቶ ደስ ስላለው በየሳምንቱ እየመጣ ያየዋል፤ ቁጥሩ እንዳልተቀነሰ ያረጋግጣል። ሌላው የፍርድ ቤት አዋጅ ከፍቶ የተወ ሰው ነው፤ ተሟጋቹም ሌላ ታብ አለው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ እስካሁን አልተጣሉም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አያ አሉ። አያ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ በዓድዋ የዘመቱትንና የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ ሁሉ በጌጥ ተሸልሞ ይወጣል። የአንድ ዓመቱ ጥር 23 ቪዲዮ ላይ የእሳቸው ፈረስ ለአራት ሰከንድ ያህል ይታያል። በየገበያው ቀን ገብተው ሰላምታ ሳይጨርሱ «አለች?» ይላሉ። «አለች፣ አያ» እላለሁ። ታስራ እንደ ዋለች ሁሉ ጥቂት አይተዋት ይሄዳሉ።

ይህን ታብ በየት ጣት ነው የምዘጋው?

ጓደኛዬ «አድራሻውን ጽፈህ ያዝና ዝጋው፤ ሲፈለግ መልሰህ ትከፍተዋለህ» አለኝ። በዓለም ያለ የኮምፒውተር ምክር ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። ምክሩ ግን አንድ ነገር አምኖ ነው የተነሣው፤ የተዘጋ ነገር መልሶ ይከፈታል ብሎ። እኛ ጋ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። መብራት ይሄዳል። ፓኬጅ ያልቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ቀድመው የተከፈቱ ገጾች ብቻ ነበሩ የቀሩኝ። ላፕቶፑን ሳላጠፋ እያስተኛሁ፣ ባትሪው እንዳያልቅ እየተሳቀቅሁ፣ አንድ የቅጥር ማስታወቂያና የአንድ መድኃኒት መመሪያ ለሰው እያሳየሁ ሰንብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ታብ መዝጋት እጄ እንቢ አለኝ። ስንፍና ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከክረምት በፊት እንጨት እንደ ማከማቸት ነው የማየው።

ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ዝም አለ። ከዚያ ሳይዘጋቸው የሚያስተኛቸውን መንገድ አሳየኝ። ለዚህ ነገር ኤክስቴንሽን መጫን ቀርቷል፤ ክሮም ራሱ ከታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራም ቆጣቢ አስገብቷል፣ ኤጅና ፋየርፎክስም የየራሳቸው አላቸው። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ታብ ከራሙ ላይ ይወርዳል፤ ስሙና ቦታው ግን ከላይ እንዳለ ይቀመጣል። እንግዳው አልተባረረም፤ መደብ ላይ ጋደም ብሏል። ሲነኩት ይነሣል። አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ሲነሣ ገጹን ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ያመጣል፤ ስለዚህ በራም ያተረፍከውን በፓኬጅ ትከፍላለህ፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ለዚህ ሲባል «እነዚህን አታስተኛ» ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የመድኃኒቱን መመሪያ እዚያ ጻፍነው። የፍርድ ቤቶቹን ሁለቱንም አስተኛናቸው፤ ለአንዱ አድልቼ እንዳይባል።

የአያን ጉዳይ ለባለቤቱ ለመተው ወሰንኩ።

ሂሳብ ስጠይቀው የምሳ ብቻ ተቀበለኝ። «ራም ጨምር፣ 8 አድርገው፤ ከቻልክም ዲስኩን ኤስኤስዲ አድርገው። ግን ድመቷን መልሰህ ካመጣህ 16ም አይበቃህም» አለኝ።

በገበያው ቀን አያ እንደ ልማዳቸው ገቡ። «አለች?» ከማለታቸው በፊት ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ 14ቱ ቅጥያ፣ ስለ 43ቱ ታብ፣ ስለ አፋሩ ጨው። ኤክስቴንሽን ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። ጠፈርም፣ መጣብርም፣ ቃጭልም እያልኩ በፈረስ ጌጥ መሰልኩላቸው። አያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውኃውን አራገፉ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ፣ «የጥር 23ን ጌጥ ጭነህ ነው እንዴ በየቀኑ ወፍጮ ቤት ስትልካት የከረምከው?»

«አዎ፣ አያ።»

«ፈረሷ አልሞተችብህም?»

«አልሞተችም።»

«እንግዲያው ደግ ዘር ናት» አሉና ላፕቶፑን በእጃቸው ጀርባ ዳበስ አደረጓት። ያቺ ከመርካቶ የመጣች ሽማግሌ እንዲህ ተመስግና አታውቅም። ታባቸው ትተኛ ወይስ ትንቃ ስላቸው ጥቂት አሰቡ። ፈረስ ቆሞም እንደሚተኛ ካስታወሱኝ በኋላ «ትተኛ፤ ስመጣ ግን ቀስቅሳት» አሉኝ። በየገበያው ቀን ከመምጣታቸው በፊት እቀሰቅሳታለሁ። ፓኬጁ ከእኔ ነው።

አሁን ቡናው ሲቆላ ብራውዘሬ ይከፈታል። ጎረቤቴ በዚህ ደስ አላላትም፤ ድሮ ሦስቱንም ስኒ እሷ ዘንድ ነበር የምጠጣው፣ አሁን አቦል ላይ ሥራ ይጠራኛል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፍላሽ ይዞ መጥቶ «አንድ አሪፍ ኤክስቴንሽን ልጫንልህ» ሲል በሩን አሳይቼዋለሁ፤ ከነፍላሹ።

በእንጅባራ ካለፋችሁ ጎራ በሉ። የሚታተም ካላችሁ ይታተማል፣ ዝናብ ከያዛችሁም ወንበር አለ። ታብ ከፍታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን በየሳምንቱ እየመጣችሁ ጠይቋት።